ሁለት ጣት የጣለው እግር

እግሬን በሁለት ጣት ጣለችው።

በጎኔ ተኝቻለሁ። ቀኝ እግሬ ከላይ ነው፤ ቀጥ አድርጌ ወደ ጣሪያው አንስቼዋለሁ። ጠቋሚና የመሐል ጣቷን አጋጥማ ከጉልበቴ ከፍ ብላ አሳረፈችና «እንዳይወርድ ይያዙት» አለችኝ። ያዝኩት። ማለቴ የያዝኩት መስሎኝ ነበር። ጫን አለችው። እግሬ ምንም ሳይከራከር ወረደ።

እኔ 83 ኪሎ ነኝ። የጋዝ ሲሊንደር ትከሻዬ ላይ አድርጌ 4ኛ ፎቅ እወጣለሁ። እሷ ቀጠን ያለች፣ ገና ትናንት የተመረቀች የምትመስል ፊዚዮቴራፒስት ናት። «አልተዘጋጀሁም ነበር፤ እስኪ ድገሚው» አልኳት፤ ልክ ሰፈር ውስጥ ትግል ተሸንፎ «አዳልጦኝ ነው» እንደሚል ልጅ። ደገመችው። ያው ነው። ከዚያ አዙራ ግራውን ሞከረችው። ግራው በሙሉ መዳፏ ተጭናም ንቅንቅ አላለም።

ይህ ከሆነ ወራት አልፈዋል። የሄድኩበት ሕመምም ለቆኛል። ያቺ ሁለት ጣት ግን ከራሴ አልወጣ አለች። 39 ዓመት የተራመድኩበትን እግር አላውቀውም ነበር ማለት ነው?

ከስቅለት ማግስት

የሄድኩት ጉልበቴን አሞኝ ነው። ነገሩ የጀመረው ስቅለት ዕለት ነው። ዓመቱን ሙሉ ወንበር ላይ ተጣብቄ፣ ኮምፒውተር ላይ አቀርቅሬ ከርሜ፣ በዚያች አንድ ቀን እንደ ጎረምሳ ልስገድ አልኩ። መቁጠር የተውኩት መቶውን ሳልፍ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። የእኔ ቅዳሜ ጠዋት ተፈታ።

የቀዳም ሥዑርን ደረጃ የወረደ ያውቀዋል። ኮንዶሚኒየማችን ሊፍት የለውም። መውጣቱስ ምንም አይል፤ መውረዱ ነው ጉዱ። የደረጃውን ብረት በሁለት እጄ ይዤ፣ ወደ ጎን ዞሬ፣ አንድ አንድ እያልኩ ወረድኩ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ጎረቤታችን ልክ እንደኔ ብረቱን ተደግፋ ስትወርድ አገኘኋት። ተያየን። ሁለታችንም ምንም ሳንል ሳቅን።

መውረዱ ለምን እንደሚብስ ያኔ አላሰብኩትም። መልሱ ግን እዚያው ስግደቱ ውስጥ ነበር። ከመሬት ስንነሳ የጭናችን የፊት ጡንቻ እያጠረ ይገፋናል። ወደ መሬት ስንወርድ ደግሞ እየተለጠጠ ይይዘናል። ባይይዘን ግንባራችንን መሬት ላይ ባጎንነው ነበር። ከጎሐ ጽዮን ተነስቶ ዓባይ በረሃ የሚወርድ አይሱዙን አስቡት። የሚፈተነው ሞተሩ አይደለም፤ ፍሬኑ ነው። ጡንቻም እየተለጠጠ ሲሸከም ነው ይበልጥ የሚጎዳው። ሕመሙ ደግሞ እዚያው አይመጣም። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን አድብቶ ነው የሚበረታው። ስለዚህ ስቅለት ዓርብ ሆኖ ደረጃው ቅዳሜ ይመራል።

ፍሬኑ ኳድሪሴፕስ ይባላል፤ ባለ አራት ራስ እንደማለት ነው። አራት ጡንቻዎች ከላይ ለየብቻ ተነስተው ወደ ታች አንድ ጅማት ይሆናሉ፤ የጉልበትን ሎሚ አቅፈው ቅልጥም አጥንት ላይ ይጣበቃሉ። ከአራቱ አንዱ ብቻ የሚነሳው ከዳሌ አጥንት ነው። ስለዚህ እሱ ሁለት ሥራ አለው፤ ጭንን ወደ ላይ ያነሳል፣ ጉልበትንም ይዘረጋል። ኳስ ስንለጋ ዋናው ለጊ እሱ ነው።

የጭኔ ሕመም በአራት ቀኑ ለቀቀኝ። የቀኝ ጉልበቴ ግን ቀረ። ደረጃ በወረድኩ ቁጥር ከሎሚው ጀርባ ውግት ያደርገኛል። ከዚያ በኋላ የሆነውን መናገር አያስፈልግም፤ አገሩን ታውቁታላችሁ። አንዱ ብርድ ነው አለኝ። አንዱ ሪህ ነው፣ ሥጋ ቀንስ አለኝ። ሁለት ወር ሙሉ የጾምኩትን ሰውዬ! አክስቴ ቅባት ላከች። ቢሮ ያለ ልጅ የጉልበት ማሰሪያ ገዝቶ አመጣልኝ። ራጅ ተነሳሁ፤ ንጹሕ ነው ተባለ። ክኒን ተሰጠኝና «እረፍት አድርግ» ተባልኩ። እረፍት ማለት ለኔ መቀመጥ ነው። ከዚህ በላይ መቀመጥ የት አለ?

ሦስት ወር እንዲህ ሄደ። ፊዚዮቴራፒ እንድሄድ አንድ ጓደኛዬ ሲጨቀጭቀኝ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ማሳጅ ነበር የመሰለኝ።

የቁምጣዬ ላስቲክ

«ቁምጣ ይልበሱና መስታወቱ ፊት ይቁሙ» አለችኝ።

«ጉልበቴን ነው የሚያመኝ።»

«አዎ፣ አንብቤዋለሁ። በቀኝ እግርዎ ብቻ ይቁሙ።»

ቆምኩ። ይሄ ምን ፈተና ነው ብዬ ልስቅ ዳር ዳር እያልኩ ነበር።

«ፊትዎን አይዩ፤ የቁምጣዎን ላስቲክ ይዩት።»

አየሁት። ላስቲኩ ዘምሟል። ቀኝ እግሬ ላይ ቆሜ ግራ ጎኔ ወደ ታች ወርዷል። ደረቴ ሚዛን ፍለጋ ወደ ቀኝ ተንጋዷል። ጉልበቴ ደግሞ ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ እየገባ ነው፤ የሌላኛውን እግር ጉልበት ሊጠይቅ የሚሄድ ይመስላል። እግር ቀየርኩ። በግራ ስቆም ላስቲኩ እንደ ውሃ ልክ ቀጥ አለ። እንደገና ወደ ቀኝ ተመለስኩ። ዘመመ። አምስት ስድስት ጊዜ ሳልደጋግመው አልቀረሁም። መስታወቱ ተበላሽቶ እንደሆነ የማጣራ ዓይነት።

«ጉልበት ምስኪን ነው» አለች። «መሐል ላይ ነው ያለው። ከላይ ዳሌ ሲያጠፋም፣ ከታች እግር ሲያጠፋም የሚመጣበትን ይቀበላል። የእርስዎ ከላይ ነው።»

ሁለት ጣቷን ያመጣችው ከዚህ በኋላ ነው።

አልጋው ላይ እንደተጋደምኩ ጎኔን ነካችኝ። ከወገብ አጥንት ጠርዝ በታች፣ ወደ ጎን፣ ሱሪ ኪስ የሚጀምርበት ቦታ። «ይሄ ነው የደከመው» አለች። ስሙ ግሉቲየስ ሚዲየስ ነው። እናንተም አሁን ልትነኩት ትችላላችሁ። ቁሙና መዳፋችሁን እዚያ ቦታ ላይ አሳርፉ፤ ከዚያ ሌላኛውን እግር ከመሬት አንሱ። ከመዳፋችሁ ሥር ድንገት ድንጋይ የሚሆነው እሱ ነው። ከዳሌ አጥንት ውጫዊ ገጽ ላይ እንደ ማራገቢያ ተዘርግቶ ይነሳል፤ ከዚያ ወደ ታች ጠቦ የጭን አጥንት አናት ላይ፣ በጎን በኩል ጎልቶ የሚዳሰሰው እብጠት ላይ ይያዛል። መጽሐፉ እግርን ወደ ጎን ያነሳል ይላል። ያነሳል። ግን በቀን ስንቴ እግራችንን ወደ ጎን እናነሳለን? ዋና ሥራው ሌላ ነው። አንድ እግር ከመሬት ሲነሳ ወገብ እንዳይወድቅ የሚጎትተው እሱ ነው። መራመድ ማለት ደግሞ በየተራ በአንድ እግር መቆም ነው።

ስንት ይጎትታል? ይሄን ነገር ሳሰላው ደነገጥኩ። የድሮውን ባለ ሁለት ክንድ የሱቅ ሚዛን አስቡ፤ ግን አንዱ ክንድ ከሌላው በእጥፍ ይረዝማል። መሐሉ የዳሌ መገጣጠሚያ ነው። በረጅሙ ክንድ ሰውነቴ ተንጠልጥሏል፤ በአጭሩ ክንድ ይሄ ጡንቻ ይስባል። ክንዱ በግማሽ ሲያጥር የሚስበው ኃይል እጥፍ መሆን አለበት። የቆምኩበትን እግር ክብደት ቀንሰን የቀረው 70 ኪሎ ገደማ ነው። እጥፉ 140። በእያንዳንዱ እርምጃ! መገጣጠሚያው ላይ ደግሞ ሁለቱም ይደመራሉ፤ ከሰውነቴ ክብደት ሁለት ተኩል እጥፍ በላይ ማለት ነው። ያን ሁሉ ዘመን ያለ ምንም ምስጋና ሲሸከም ኖሮ፣ እኔ ስሙን እንኳ የሰማሁት ሲደክም ነው።

የላስቲኩ ፈተና ዕድሜ ጠገብ ነው። ፍሪድሪክ ትሬንደለንበርግ የሚባል ጀርመናዊ ቀዶ ሐኪም በ1895 እ.ኤ.አ. ነው የጻፈው። ከውልደታቸው ጀምሮ ዳሌያቸው የወለቀ ሰዎች ለምን እንደ ዳክዬ ወዲያ ወዲህ እያሉ እንደሚሄዱ ሲመረምር፣ ጥፋቱ ያለው እነዚህ የጎን ጡንቻዎች ወገብን መያዝ ሲያቅታቸው መሆኑን አየ። ዛሬም ፈተናው በስሙ ይጠራል። ራጅ የለ፣ ማሽን የለ። አንድ እግር ማንሳት ነው።

እኔስ ምን ሆኜ ነው የደከመው? ስትጠይቀኝ ትዝ ያለኝ ከሁለት ዓመት በፊት የደረሰብኝ ወለምታ ነው። ቀኝ ቁርጭምጭሚቴን ወጌሻ አሽቶኝ ድኛለሁ። ግን ሁለት ወር ያህል በግራዬ ነበር የምቆመው። ታክሲ ሰልፍ ላይ፣ ወጥ ቤት ዕቃ ሳጥብ፣ ቤተክርስቲያን። ለካ ቁርጭምጭሚቱ ሲመለስ ልማዱ አልተመለሰም። እንግዲህ በዚያ ላይ የወንበሩን ዘመን ደምሩበት።

ሦስት ወር ሙሉ ጉልበቴን ስቀባ፣ ሳስር፣ ስወቅስ ከረምኩ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው። ብቻ አንድ ነገር ልበል፤ የጉልበት ሕመም ሁሉ ከዳሌ ይመጣል እያልኩ አይደለም። የተቀደደ ነገር፣ ያለቀ መገጣጠሚያ፣ እውነተኛ ሪህም አለ። የእኔ እንዲህ ነበር።

ጉልበትና መቀመጫ

ወደ ቤት ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ሳብሰለስል የነበረው ስለ ቃላቱ ነው።

በአማርኛ ጉልበት መገጣጠሚያው ነው። ጉልበት ኃይልም ነው። ጉልበተኛ፣ ጉልበታም፣ የጉልበት ሥራ። መኪና እንኳ የሚለካው በፈረስ ጉልበት ነው። ክብሩን ሁሉ የሰጠነው ለእሱ ነው። ጉልበት ግን የራሱ ጉልበት የለውም። የበር ማጠፊያ ነው። የሚዘረጋው የፊት ጭን ነው፤ የሚያጥፈው በዋናነት የኋላ ጭን ነው። ሎሚው ራሱ ከጅማቱ ሥር ገብቶ ጅማቱን ከመገጣጠሚያው ራቅ ያደርገዋል፤ በዚህም ጡንቻው በትንሽ ኃይል ብዙ እንዲያነሳ ያግዘዋል። ጥሩ አጋዥ ነው እንጂ ሠራተኛው ሌላ ነው።

ሠራተኛውን ደግሞ ምን ብለን ጠራነው? መቀመጫ። ሌላም ስም አለው፤ እዚህ አልጽፈውም፣ እማዬ ይህን ማንበቧ አይቀርም። ከሰውነታችን ጡንቻዎች በትልቅነቱ አንደኛ የሆነውን ግሉቲየስ ማክሲመስን ወንበር ብለን ሰየምነው። እንደ ስሙም ተጠቀምንበት።

የሚገርመው፣ ስንቀመጥ እንኳ የምንቀመጠው እሱ ላይ አይደለም። ቆመን ሳለ ጡንቻው የመቀመጫ አጥንቱን ይሸፍነዋል፤ ዳሌያችን ሲታጠፍ ግን ወደ ላይ ሸርተት ይላል። ክብደታችን የሚያርፈው አጥንቱ ላይ ነው። መዳፋችሁን ሥራችሁ አድርጋችሁ ጠንካራ ወንበር ላይ ብትቀመጡ የሚቆረቁራችሁ እሱ ነው። ለመቀመጥ የተሠራውን ፍጡር ማየት የፈለገ ደብረ ሊባኖስ ገደል አፋፍ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮን ይይ። ቀኑን አብዛኛውን ተቀምጦ ሣር ሲነጭ ይውላል፤ ቦታ ሲቀይር እንኳ ሳይነሳ እየተንፏቀቀ ነው። ለዚህም ከሥሩ ደንደን ያለ ቆዳ፣ ትራስ የመሰለ ነገር አለው። እሱ ትራስ ተሰጠው፤ እኛ ጡንቻ ተሰጠን። እኛ ጡንቻውን ትራስ አደረግነው።

ይሄ ትልቅ ጡንቻ ሜዳ ላይ ቀስ ብሎ ለሚራመድ ሰው ብዙም አይደክምም። የሚነሳው ስንነሳ ነው፤ ከወንበር፣ ከመሬት፣ ከስግደት። ደረጃና አቀበት ስንወጣ ነው። ስንሮጥ ነው፤ እግር መሬት በነካ ቁጥር ደረታችን ወደ ፊት እንዳይደፋ ከኋላ የሚይዘው እሱ ነው። ከዝንጀሮ ወገን ሁሉ የሰው መቀመጫ እንዲህ የገዘፈው ቀጥ ብሎ የሚቆምና የሚሮጥ ስለሆነ ነው።

ይህን ካወቅሁ በኋላ አንድ ቀን ማለዳ መስቀል አደባባይ ሄጄ ሯጮቹን አየሁ። ለወትሮው የማየው ፍጥነታቸውን ነበር። በዚያ ቀን የማየው የቁምጣቸውን ላስቲክ ነው። ሰው አይቶ ምን ይለኛል ብዬ ትንሽ ሸሸግ ብዬ ነበር። አንዲት ቀጭን ልጅ በደረጃዎቹ ርዝመት ወዲያና ወዲህ ትመላለሳለች። በእያንዳንዱ እርምጃ በአንድ እግር ብቻ ነው የምታርፈው። እግሮቿ ይበራሉ፣ ክንዶቿ ይወዛወዛሉ። ወገቧ ላይ ግን ሙሉ ብርጭቆ ውሃ ብታስቀምጡ የሚፈስ አይመስልም።

ለማንኛውም ሚዲየስን ሳታውቁት ታውቁታላችሁ። በልጅነታችን «ዙር፣ ሱሪህን ዝቅ አድርግ» የምትለዋ ነርስ የምትፈልገው እሱ ያለበትን ሰፈር ነው። መቀመጫን በሐሳብ መስቀል ለአራት ትከፍልና ከላይ ወደ ውጭ ያለውን ሩብ ትመርጣለች። ሌላው ሩብ ላይ ከወጋች፣ በተለይ ከታች ወደ ውስጥ፣ ከሰውነታችን ነርቭ ሁሉ የሚወፍረውን ሳያቲክ ነርቭን ልታገኘው ትችላለች። በዚህ ምክንያት እግሩን እየጎተተ የቀረ ልጅ አለ። ለልብ ሕመም በየ28 ቀኑ ፔኒሲሊን የሚወጉ ወጣቶች ይህን ከኔ በላይ ያውቁታል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ለሕፃናት ክትባት የጭን ውጫዊ ጎን የሚመረጠውም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ እዚያ አካባቢ የሚያሠጋ ትልቅ ነርቭ የለም።

ታላቅና ታናሽ

እንቁጣጣሽ ላይ ቅርጫ ገባን። እኔ ብዙ ጊዜ የምደርሰው መደቡ ተደልድሎ ዕጣ ሲወጣ ነው። ዘንድሮ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተገኘሁ። ሰዉ ሁሉ «ምን ነካው?» አለ።

ብልት የሚያወጡት ከታች ፎቅ ያሉ ጋሼ ናቸው። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። እኔ ሥጋ መቁረጥ ማለት መቁረጥ ይመስለኝ ነበር። እሳቸው ግን አይቆርጡም ማለት ይቻላል። የኋላ እግሩን ይዘው የቢላውን ጫፍ በሁለት ጡንቻ መሐል ያገቡና፣ ያችን ነጭ፣ አብረቅራቂ፣ ስስ ሽፋን እየተከተሉ በጣታቸው ያላቅቃሉ። ጡንቻው ሳይቆስል ሙሉውን ይወጣል። ቢላው የሚሠራው ዳርና ዳር ላይ ብቻ ነው፤ ጅማቱ አጥንት በሚይዝበት። አናቶሚ የሚባለው ትምህርት ይሄ አይደል? ብልት ማወቅ።

«ጋሼ፣ ይሄ የቱ ነው?»

«ታላቅ።»

«ይሄስ?»

«ታናሽ።»

«በምን ይለያሉ?»

ቀና ብለው አዩኝ። «ታላቁ ይበልጣል፣ ታናሹ ያንሳል። ዛሬ ምን ሆነሃል?»

ሳቅሁ። ግን እሳቸው የነገሩኝ የሮማውያኑን ዘዴ ነው። ማክሲመስ፣ ሚዲየስ፣ ሚኒመስ የሚሉት ላቲን ሲፈታ ከዚህ አይርቅም፤ ታላቅ፣ መካከለኛ፣ ታናሽ። ሦስቱ የመቀመጫ ወንድማማቾች ናቸው። ሚኒመስ ከሚዲየስ ሥር ተደብቆ ያንኑ ሥራ ያግዘዋል። ሐኪሞቹ ቃላቸውን ከፍ አድርገው ይጠሩታል እንጂ ነገሩ የቅርጫ ቋንቋ ነው። ከጭን ፊት በሰያፍ የሚወርድ፣ ከጡንቻ ሁሉ የሚረዝም አንድ ቀጭን ጡንቻ ደግሞ አለ። ስሙ ሳርቶሪየስ ነው፤ ልብስ ሰፊው እንደማለት። ልብስ ሰፊ እግሩን አነባብሮ ሲቀመጥ የሚሠራ ነው ብለው ነው።

ጋሼ ወደ ውስጥ ገቡና ከጀርባ አጥንቱ በሆድ በኩል ተለጥፎ የነበረ ለስላሳ ረጅም ሥጋ አወጡ። ፊሌቶ! ሁሉም ሰው ጠጋ አለ። ይሄ ሥጋ የሚለሰልሰው በሬው ብዙ ስለማይሠራበት ነው። እኛም ጋ አለ። ሶአስ ይባላል። ከወገብ አከርካሪ ጎን ተነስቶ በዳሌ ውስጥ አልፎ በብሽሽት በኩል ወርዶ የጭን አጥንት ውስጠኛው ጎን ላይ ይያዛል። ወገብንና እግርን በቀጥታ የሚያገናኝ ገመድ ነው። እግራችንን ለእርምጃ ባነሳን ቁጥር ይሠራል። ስንቀመጥ ደግሞ አጥሮ ይቀመጣል። ከአራት ሰዓት ስብሰባ በኋላ ስንነሳ ወዲያው ቀና ማለት የሚያቅተን፣ እጃችንን ወገባችን ላይ አድርገን «ኡፍ» የምንለው፣ አንዱ ተጠያቂ እሱ ነው። የኔ ፊሌቶ ሲጠበስ እንደ በሬው የሚለሰልስ አይመስለኝም።

የኋላ ጭኑ ጋ ሲደርሱ ጅማቶቹን አሳዩኝ። ቋንጃ። ድሮ ጠላትን ወይም አውሬን ለመጣል ቋንጃውን ነበር የሚመቱት። እናንተም ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ተረከዛችሁን መሬት ላይ ወደ ኋላ ብትጎትቱ ከጉልበታችሁ ጀርባ ግራና ቀኝ እንደ ክራር ጅማት ተወጥረው የሚወጡትን ትዳስሳላችሁ። በውጭ በኩል ያለው የአንድ ጡንቻ ነው፣ በውስጥ በኩል ያሉት የሁለት። ሐምስትሪንግ የሚባሉት እነዚህ ሦስቱ ናቸው። ሯጭ መሐል ሜዳ ላይ ድንገት ጭኑን ከኋላ ይዞ የሚቆመው እነሱ ሲቀደዱ ነው። ኳስ ተጫዋች «ብሽሽቴን» ካለ ግን ሌላ ነው፤ እሱ ጭንን ወደ ውስጥ የሚሰበስቡት አዳክተሮች ናቸው።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ድርሻችንን አይታ «ፊሌቶው ለማን ደረሰ?» አለችኝ። ለኔ አልደረሰም። አናቶሚ ሳጠና ዕጣው አለፈኝ መሰለኝ።

ጥርስ ስቦርሽ

የታዘዘልኝ ነገር ያሳፍራል። ጂም የለ፣ ብረት የለ። በጎን ተኝቶ እግር ማንሳት። በጀርባ ተኝቶ፣ ጉልበት አጥፎ፣ መቀመጫን ከምንጣፍ ማንሳት። ጥርስ ሲቦርሹ በአንድ እግር መቆም። ደረጃ ሲወርዱ ጉልበት ወደ ውስጥ እንዳይገባ ማየት። በቃ። ሁለት ወር ትፈጃለህ ተባልኩ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ስላት «እሱም መጀመሪያ በአንድ እግሩ ይቁም» አለችኝ።

የመጀመሪያውን ሳምንት ከዐሥር በላይ ማንሳት አልቻልኩም። ጎኔ ተቃጠለ። ሴት ልጄ አጠገቤ ተኝታ አርባ ጊዜ አነሳችና «አባዬ፣ ቀላል ነው እኮ» አለችኝ። በሁለተኛው ሳምንት ሃያ ደረስኩ። ጡንቻው እንዲህ በፍጥነት አደገ? አላደገም። መጀመሪያ የሚነቃው ትእዛዙ ነው፤ አንጎልና ነርቭ ያንን ጡንቻ እንደገና መጥራት ይለምዳሉ። ጡንቻው ራሱ የሚወፍረው ከሳምንታት በኋላ ነው። ይሄን ስሰማ ደስም አለኝ፣ ከፋኝም። ጡንቻው እዚያው ነበረ ማለት ነው። ያልጠራሁት እኔ ነኝ።

በሰባተኛው ሳምንት ገደማ ደረጃ ወርጄ መንገድ ከገባሁ በኋላ ነው ጉልበቴ ምንም እንዳላለኝ ያስታወስኩት። ወደ ላይ ተመልሼ እንደገና ልውረድ አልኩ። ከዚያ 4ኛ ፎቅ መሆኑ ትዝ አለኝና ተውኩት።

የእማዬ ምርኩዝ

የመጨረሻ ቀጠሮዬ ላይ ልጅቷ የክራንች አያያዝ ለአንድ ሽማግሌ ስታሳይ አየሁ። የሚያማቸው ቀኝ ዳሌያቸው ነው። ምርኩዙን ያስያዘቻቸው ግን በግራ እጃቸው ነው። ያቺን የሱቅ ሚዛን አስታወስኩና ገባኝ። በቀኝ እግር ሲቆሙ የሚወድቀው ግራ ጎን ነው። በግራ እጅ ትንሽ መደገፍ የሚወድቀውን ጎን ከሩቅ ያነሳዋል፤ ያ የደከመ ጡንቻም ያን ያህል መጎተት አይጠበቅበትም። ደጋፊው ራቅ ባለ ቁጥር ትንሽ ኃይል ይበቃዋል። በቀኝ ከያዙት ግን ከመገጣጠሚያው አጠገብ ስለሆነ ጥቅሙ ያንሳል፤ ሰውነትም ወደታመመው ጎን ይጋደላል።

እማዬ ስድስት ዓመት ሙሉ ምርኩዟን በሚያማት በኩል ነው የምትይዘው። በቀኝ። በዚያው ቅዳሜ ሄድኩ።

«እማዬ፣ ምርኩዙን ወደ ግራ አዙሪው።»

«ለምን?»

«ቀኝሽን ነው አይደል የሚያምሽ? በግራ ያዢው።»

አየችኝ። «የሚያመኝ ቀኙ ነው። ግራውን ምን ብዬ ልርዳው?»

መልስ አጣሁ። ትክክል ናት እኮ! ማንም አእምሮ ያለው ሰው የሚለው ይህንኑ ነው። ሚዛኑን በእጄ አሳየኋት። በሁለት ባልዲ ውሃ አሳየኋት። ላስቲክ፣ ሚዲየስ፣ ጀርመናዊው ሐኪም፣ ሁሉንም አወራሁ። ቡናዋን እየጠጣች በትዕግሥት ሰማችኝ። ልጅ ሲያወራ እንደሚሰማው።

«እሺ፣ ልሞክረው» አለች በመጨረሻ፣ እኔን ዝም ለማሰኘት። በግራዋ ይዛ ከሳሎን እስከ ጓዳ ሄደች፤ ተመለሰች። እኔ ዓይኔ ቀሚሷ ወገብ ላይ ነው። ዘመም ማለቱ ቀንሷል። በእርግጥ ቀንሷል።

«እንዴት ነው?»

«ደህና ነው» አለችና ምርኩዙን ወደ ቀኝ እጇ መለሰችው። «ግራ እጄ ነጠላዬን ይይዛል።»

ከዚያ በላይ አልተከራከርኳትም። ለሠርክ ጸሎት ልትሄድ ተነሳች። እኔ ከኋላዋ እስከ ግቢው በር ሸኘኋት። ምርኩዙ በቀኝ፣ ነጠላው በግራ፣ ቀስ እያለች። የግቢያችን በር ደፉ ከፍ ያለ ነው፤ ሁሌ እዚያ ላይ ትቆማለች። ቆመች። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች። ምርኩዙን ወደ ግራ እጇ አዞረች፣ ተሻገረች፣ መልሳ በቀኝ ያዘችው። ዞር ብላ አላየችኝም።